ከንፈሩ ተሰፍቷል፤ ጥርሱስ?

ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ ያላችሁ የጅማ በቾ ቦሬ፣ የአጋሮ፣ የሰቃና የሰርቦ ወላጆች፣ ይህ ጥሪ በመጀመሪያ ለእናንተ ነው። በዓለም ላይ ከ700 ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። እርግማን አይደለም፤ በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት መግጠም የነበረበት ሳይገጥም የቀረ ነው።

በቀዶ ሕክምናው በኩል ጅማ ዕድለኛ ናት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከኦፕሬሽን ስማይል በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆኖ ብዙ ልጆችን በነፃ አክሟል። እናት የልጇ ከንፈር ገጥሞ ስታይ እልል ብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ይገባታልም። ጥፋቱ ጉዳዩ በዚያ ቀን አለቀ ማለታችን ነው።

እነዚህ ልጆች ከሌሎች እኩዮቻቸው ይበልጥ ጥርሳቸው ይቦረቦራል። በስንጥቁ ዙሪያ የሚበቅሉት ጥርሶች ይጣመማሉ፣ ይደራረባሉ፣ አንዳንዴም ሽፋናቸው ሳስቶ ይወጣል። የተሰፋው ከንፈር ጠባሳው ስለሚወጥረው ብሩሽ እንደ ልብ አያስገባም። ላንቃው ያልተዘጋ ሕፃን ጡት መሳብ ስለሚያቅተው ምግቡ ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ ማታም ጡጦውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ይተኛል። በዚያ ላይ «ብዙ የተሰቃየ ልጅ ነው» ይባልና ከረሜላው፣ ብስኩቱ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ አይከለከልም። እኔ ከሁሉም የምፈራው ይህንን ፍቅር ነው። «ጥርሱን ትል በላው» እንላለን እንጂ ትል የለም፤ አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፣ አሲዱም ጥርሱን ይበላዋል።

«የወተት ጥርስ አይደል፣ ይወድቃል» የሚል መልስ አውቃለሁ። የኋለኛዎቹ የወተት መንጋጋዎች ግን ልጁ ከ10 እስከ 12 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያኝክባቸዋል። ከዚህም የሚከብድ አለ። ስንጥቁ እስከ ድድ አጥንት ከደረሰ፣ ልጁ ከ8 እስከ 11 ዓመት ባለው ጊዜ ክፍተቱን በአጥንት የሚሞላ ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። በዙሪያው የበሰበሰና የመረቀዘ ጥርስ ካለ ይህ ሕክምና ይዘገያል፣ ቢደረግም ሊበላሽ ይችላል።

እንግዲህ ወላጆች፣ የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ካለበት ቀን ጀምሩ። ጠዋትና ማታ በለስላሳ የሕፃን ብሩሽ አጽዱለት። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ቁስሉ ድኗል ብሎ ሐኪሙ ከነገራችሁ በኋላ ከንፈሩን በጣት ገልጦ መቦረሽ ስፌቱን አይቀደውም። 7 ዓመት እስኪሆነው ድረስ ብሩሹን ለብቻው አትተዉለት። ይዞት የሚተኛው ጡጦ ውሃ ብቻ ይሁን። መፋቂያ ለአዋቂ መልካም ነው፤ ለተደራረበ የሕፃን ጥርስ ግን አይበቃም። ግግ ነው ብሎ ድዱን ለሚቧጥጥ ሰውም ልጃችሁን አትስጡ፤ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊያጠፋው ይችላል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ልጁ በ9 እና በ15 ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ሲመጣላችሁ የላይኛውን ከንፈር ገልጣችሁ እዩ። በድዱ ጠርዝ በኩል ጥርሱ ላይ ያለ ነጭ መስመር የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ በዚያ ደረጃ ፍሎራይድ በመቀባት ሊመለስ ይችላል። ሐኪሞችም፣ ልጁን ከቀዶ ሕክምና ስታሰናብቱ የጥርስ ቀጠሮውን እዚያው ወረቀት ላይ ጻፉለት፤ ቀጠሮው ቡና ለቀማ ላይ እንዳይውል ጠይቁ፣ ያኔ ቤት የሚውል ሰው የለም። የዩኒቨርሲቲው የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች፣ በቾ ቦሬ ከደጃችሁ ናት፤ ኑና ልጆቹን እዩልን። እድሮች ከገጠር ለሚመጡት ቤተሰቦች መሳፈሪያ ያዋጡ።

ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ልጁ ከመተኛቱ በፊት በመብራት አፉን እዩት። ነጭ መስመር ወይም ቡናማ ነጥብ ካገኛችሁ እስኪያመው አትጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ወደ ጥርስ ክሊኒክ ውሰዱት።