ስለ ኢማሪ ሳሕን፤ የተሠራበትን አገርና ዘመን ለይቶ ስለ ማወቅ

ከአያት ከቅድመ አያት የተላለፈ የገበታ ዕቃ በቤቱ ያለው ሰው፥ ወይም አሮጌ ሳሕን ከነጋዴ እጅ ለመግዛት የሚያስብ ሰው፥ አስቀድሞ የሚያደርገው ሳሕኑን ገልብጦ በጀርባው የተጻፈውን ምልክት መመልከት ነው። በሰማያዊ፥ በቀይና በወርቅ ያጌጠው ኢማሪ የሚባለው ሸክላ ግን በዚህ መንገድ ብቻ ቢመረመር ባለቤቱን ያታልላል። ምልክቱን አምኖ የቅርቡን ዕቃ በጥንታዊ ዋጋ የሚገዛ አለ፤ ምልክት የለውም ብሎ ደግሞ የሦስት መቶ ዓመት ቅርስ በርካሽ የሚለቅ ወራሽ አለ። ስለዚህ አስቀድሞ የሸክላው ገላ፥ ምልክቱ ግን በመጨረሻ እንዲታይ እንመክራለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኢማሪ ሸክላው የተሠራበት ቦታ ስም አይደለም። በጃፓን አገር በኪዩሹ ደሴት የሚገኝ ወደብ ነው፤ ዕቃው የተሠራው ግን በአቅራቢያው ባለችው በአሪታ ከተማ ነው። የሐረር ቡና በባሕር ማዶ በየመኑ ወደብ በሞካ ስም ሲሸጥ እንደ ኖረ ሁሉ፥ የአሪታም ሸክላ በተጫነበት ወደብ ስም ተጠራ። በትውፊት እንደሚነገረው ዪ ሳምፕዮንግ የሚባል ኮርያዊ ሸክላ ሠሪ በ1616 ዓ.ም. ገደማ በአሪታ አጠገብ ለዚህ ሥራ የሚሆነውን ነጭ ድንጋይ አገኘ። በ1644 ዓ.ም. በቻይና የሚንግ መንግሥት ወድቆ አገሩ በጦርነት በታወከ ጊዜ፥ በናጋሳኪ በዴጂማ ደሴት ይነግድ የነበረው የሆላንድ ኩባንያ ፊቱን ወደ አሪታ መለሰ፤ በ1659 ዓ.ም. ያዘዘው ዕቃ ብቻ በብዙ ዐሥር ሺሕ የሚቈጠር ነበር። የሳክሶኒው ገዥና የፖላንድ ንጉሥ ዳግማዊ አውግስጦስ እጅግ ወዶት የሰበሰበው እስከ ዛሬ በድሬስደን ከተማ ይታያል።

የቻይና ሠሪዎችም ሰላም ባገኙ ጊዜ ገበያቸውን ለማስመለስ የጃፓኑን መልክ መስለው በርካሽ መሥራት ጀመሩ። (እኛ የቡና ሲኒ የምንለውም ቃል በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ነው።) ከዚያም በኋላ የእንግሊዝ አገር የደርቢ ፋብሪካ ይህንኑ ጌጥ ወረሰ። እንግዲህ አንዱ መልክ ሦስት አገር ስላለው መለየቱ ከዚህ ይጀምራል።

ሳሕኑን ገልብጠው እግሩን ይመልከቱ። በአሪታ ትልልቁ ሳሕን በእቶን ውስጥ መኻሉ እንዳይሰምጥ በጥቃቅን የጭቃ ድጋፎች ላይ ይቀመጥ ስለ ነበር፥ በእግሩ ክብ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ወይም አምስት ትንንሽ ጠባሳዎች ይቀሩበታል። በቻይናው ላይ ይህ ጠባሳ አይገኝም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ጠባሳው አገሩን እንጂ ዘመኑን አይናገርም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውም አለበት፤ ትንንሹ ዕቃ ደግሞ ጥንታዊ ሆኖ ሳለ ላይኖርበት ይችላል። የአሪታ ገላ ወፈር ያለ፥ ነጭነቱም ወደ ግራጫ ያዘነበለ ነው፤ የቻይናው ቀጠን ይላል፥ ቅቡ በእግሩ ጠርዝ በሚያልቅበትም ቦታ ብዙ ጊዜ ቡናማ መሥመር ይታያል።

ቀጥሎ ቀለሙን በጣት ይዳስሱ። ሰማያዊው ከመስተዋት መሰሉ ቅብ በታች ስለሆነ አይዳሰስም፤ ቀዩና ወርቁ ግን ከላይ የተቀቡ ናቸውና ጣት ያገኛቸዋል። የጥንቱ የጃፓን ሰማያዊ እንደ ቀለም ውሃ የጠቈረ፥ ቀዩም ወፍራም ነው፤ የቻይናው ቀይ ግን ስስ ሆኖ ወደ ብርቱካን ያደላል። ከ1868 ዓ.ም. በኋላ በሜጂ ዘመን ከአውሮፓ የመጣ ኮባልት ስለ ገባ፥ ሰማያዊው ደማቅና አንድ ወጥ ሆነ፤ በእጅ በመሣል ፈንታም በወረቀት ማተም ተለመደ። ስለዚህ አበባው ሁሉ ፍጹም አንድ ዐይነት ሆኖ፥ ጌጡም በሚጋጠምበት ቦታ ሳይገጥም ከተገኘ ዕቃው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው የሚለውን ሻጭ አይመኑ። በገበታ ያገለገለ ሳሕን የቢላዋው ጭረት ወደ ልዩ ልዩ ወገን ይሄዳል፤ ሁሉም ጭረት ወደ አንድ ወገን ከተሰለፈ ሆን ብሎ ያስረጀው ሰው መኖሩን ያስጠረጥራል።

አሁን ምልክቱን እንይ። በብዙ የጃፓን ዕቃ ላይ «በታላቁ ሚንግ በቼንግሁዋ ዘመን ተሠራ» የሚሉ ስድስት የቻይና ፊደላት ይገኛሉ። የቼንግሁዋ ዘመን ከ1465 እስከ 1487 ዓ.ም. ነበር፤ በዚያ ጊዜ ግን በጃፓን እንዲህ ያለ ነጭ ሸክላ ገና አልተሠራም ነበር! ጽሕፈቱ ስለ ክብር የተደረገ ጌጥ ነው። በአራት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈው ፉኩ የሚለው ፊደልም የመልካም ዕድል ምኞት ብቻ ነው። ለዘመን የሚረዳው የላቲን ፊደል ነው፤ የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ከ1891 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሩን ስም ስላስገደደ «ኒፖን» ተጻፈ፥ ከ1921 ዓ.ም. ወዲህም «ጃፓን» ተባለ። ወደ አሜሪካ ያልተላከው ግን ያለ ጽሕፈት ሊቀር ስለሚችል፥ ጽሕፈት ማጣቱ የጥንታዊነት ማስረጃ አይሆንም። የፉጂ ተራራ ሥዕል ያለበት የፉካጋዋ ዕቃ ከ1894 ዓ.ም. ወዲህ፥ «ሮያል ክራውን ደርቢ» የሚል የእንግሊዙም ከ1890 ዓ.ም. ወዲህ ነው።

የጥንቱ ዕቃ መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንግዳ ሊበላበት ይገባልን? እኛስ አንመክርም። ከላይ የተቀቡት አሮጌ ቀለማት ብዙ ጊዜ እርሳስ አለባቸው፤ ሎሚ፥ ኮምጣጤና ቲማቲም ያለበት ምግብም እርሳሱን ያወጣዋል፤ ይህም ይልቁን ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ሴት ጐጂ ነው። ሲታጠብም በአመድ ወይም በአሸዋ አይፈተግ፥ ወርቁ ተጠርጎ ይሄዳልና፤ ለብ ባለ ውሃ በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይታጠብ። በግድግዳ ላይ የሚሰቀል እንደ ሆነ፥ የሽቦው ጥርስ ጠርዙን እንዳይሸርፈው በየመያዣው ሥር ቁራጭ ጨርቅ ይደረግ።