ልብሱ ረዘመ እንጂ አንቺ አላጠርሽም

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የምትሠራ ወጣት እንዲህ ስትል አጫወተችኝ። «ባለጉዳዩ በሩን ከፍቶ ይገባና፤ ‹ሚጣ፤ ሠራተኛዋ የት ሄደች?› ብሎ እኔኑ ይጠይቀኛል። ስለዚህ በመጀመሪያ ደመወዜ ባለረጅም ታኮ ጫማ ገዛሁ። ከሰዓት በኋላ ግን እግሬን ስለሚያመኝ ጠረጴዛው ሥር አውልቄው እውላለሁ።» ይህን ስትነግረኝ ትስቅ ነበር፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

እኔ ጫማውን ትቼ ኮቷን ተመለከትሁ። የትከሻው ስፌት ወደ ክንዷ ወርዷል። እጅጌው ጣቶቿን ሸፍኗል። የኮቱ ወገብ ደግሞ ዳሌዋ ላይ አርፏል። ልጅ ያስመሰላት ቁመቷ ሳይሆን ኮቱ ነበር።

ይህ በእርሷ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ሴት አማካይ ቁመት 1 ሜትር ከ57 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በአሜሪካ የልብስ ንግድ ግን ቁመቷ ከ1 ሜትር ከ63 ሳንቲሜትር የማይበልጥ ሴት «ፔቲት» የሚባል የራሷ ልክ አላት። እንግዲህ ከውጭ ተሰፍቶ የሚመጣው መደበኛ ልብስ ለብዙዎቻችን ቢረዝም ምን ያስደንቃል? ይህን ልክ በ1940ዎቹ (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር) ያስጀመረችው ሐና ትሮይ የተባለች የኒው ዮርክ ልብስ አዘጋጅ እንደ ነበረች ይነገራል። የተገነዘበችውም ነገር ልብሱ ከትከሻ እስከ ወገብ ድረስ ለብዙ ሴቶች የሚረዝም መሆኑን ነው። ስለዚህ ጫፉን ብቻ ማሳጠር ሁልጊዜ አይበቃም።

እኅቴ ሆይ፤ ልብስ ስትገዢ አስቀድመሽ ትከሻውን ተመልከቺ። ስፌቱ በትከሻሽ አጥንት ጫፍ ላይ ካላረፈ፤ ቢረክስም ተይው። ትከሻ ፈትቶ መስፋት ብዙ ድካምና ገንዘብ ይጠይቃልና። እጅጌና ጫፍ ግን ማንኛውም ልብስ ሰፊ በቀላሉ ያሳጥራቸዋል። ሰልባጅም ሆነ አዲስ ስትገዢ የልብስ ሰፊውን ዋጋ ከልብሱ ዋጋ ጋር ደምረሽ አስቢ።

ሁለተኛ፤ እጅጌው ከእጅሽ አንጓ አይለፍ። ጉርድ ቀሚስሽ ጉልበትሽ ላይ ወይም ከጉልበትሽ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቢያልቅ መልካም ነው። የባትሽ ወፍራም ቦታ ላይ ካበቃ ግን እግርሽን ያሳጥረዋል። ሱሪም ጫማ ላይ መተጣጠፍ የለበትም።

ሦስተኛ፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ወይም ተቀራራቢ ቀለም ልበሺ። ቀበቶሽም የቀሚስሽን ቀለም ይምሰል፤ ደማቅ ቀበቶ ሰውነትን ለሁለት ይከፍላልና። ኤዲት ፒያፍ የተባለችው የፈረንሣይ ዘፋኝ ቁመቷ 1 ሜትር ከ47 ሳንቲሜትር ያህል ነበር። በታላላቅ መድረኮች ላይ የምትቆመው ግን ጌጥ ያልበዛበት ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ነው። ከመጋረጃው ኋላ የጠፋች ግን አልነበረችም።

የአገር ልብስ ስታሠሪም ጥበቡ ከአንገት ወደ ታች ቀጥ ብሎ ቢወርድ ቁመትሽን ያስረዝመዋል። ሰፊ ጥበብ ቀሚሱ ግርጌ ላይ ሲዞር ግን ዓይንን ወደ መሬት ይጎትታል። ስለዚህ ለግርጌው ቀጠን ያለውን ምረጪ።

ስለ ጫማም አንድ ቃል ልበል። ታኮ የሚጠቅመው ቀኑን ሙሉ ቆመሽበት መዋል ስትችዪ ነው። እግሯን እያመማት የምታነክስ ሴት ረጅም አትመስልም።

ያቺ ወጣት ኮቷን ልብስ ሰፊ ዘንድ ብትወስደው፤ «የትከሻውን ነገር ተይኝ» አላት። ስለዚህ ከእርሷ ለምትረዝመው ታናሽ እኅቷ ሰጠችውና፤ ጨርቅ ገዝታ በልኳ ሌላ አሰፋች። አሁንም አልፎ አልፎ «ሚጣ» የሚላት ባለጉዳይ አይጠፋም። እርሷ ግን ከወንበሯ ብድግ ብላ፤ «ሠራተኛዋ እኔ ነኝ፤ ምን ልታዘዝ?» ትላለች። ልብሱ ቁመት አልጨመረላትም። እጅጌ መጠቅለሉን ትታ ቀና ብላ እንድትናገር ግን ረድቷታል።