ለዳይናሞ ድሬስደን የተነፈጉት ቀናት

የጀርመን ሁለተኛ ቡንደስሊጋ ከኮሮና እረፍት ሊመለስ ሳምንት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 መጀመሪያ፣ ሁለት የዳይናሞ ድሬስደን ተጫዋቾች ቫይረሱ ተገኘባቸውና መላ ቡድኑ ለ14 ቀናት ከቤት እንዳይወጣ ታዘዘ። ውድድሩ ሜይ 16 ሲቀጥል የድሬስደን ተጫዋቾች በጋራ ልምምድ እንኳ አልሠሩም። የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ሜይ 31 ከሽቱትጋርት ጋር አድርገው 2 ለ 0 ተሸነፉ። ሌሎቹ ክለቦች ለቀሪዎቹ ዘጠኝ ጨዋታዎች 44 ቀናት ሲያገኙ፣ ለድሬስደን የተሰጠው 29 ቀን ብቻ ነበር። እግር በሦስት ቀን ልዩነት አያገግምም፤ ጠባብ ስብስብ ያለው ክለብ ደግሞ ተቀያሪ ከየት ያመጣል? ድሬስደን በመጨረሻ ደረጃ ጨርሶ ወረደ።

«ቀድሞውንም ግርጌ ላይ ነበር» የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን የሊግ ፍትሕ የሚለካው ደካማው ይተርፍ ነበር ወይ በሚል ግምት ሳይሆን፣ ለመትረፍ እኩል ዕድል ተሰጥቶታል ወይ በሚለው ነው። የቴሌቪዥን ገቢና ጁን 30 የሚያበቃው የተጫዋቾች ውል ውድድሩ እስከዚያ እንዲያልቅ ያስገድድ ነበር የሚለው መከራከሪያ ክብደት አለው። ሆኖም የጀርመኖቹ ክለቦች ብሬመንና ሃይደንሃይም የመለያ ጨዋታቸውን ያደረጉት በጁላይ ነው፤ የእንግሊዝ ቻምፒዮንሺፕም መደበኛ ጨዋታዎቹን የጨረሰው በዚያው ወር ነው። ቀኑ መገፋት ይችል ነበር። የጤና ትእዛዝ ያከበረን ክለብ በጨዋታ መደራረብ መቅጣት ግን ሊጉ ራሱ የመረጠው ነው፤ ቢያንስ በዚያ ዓመት ድሬስደንን ከመውረድ ነፃ ማድረግ ይገባው ነበር።