ቡሶላውን በኪሎ አንሽጠው!

ነቀምቴ ላይ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ለእንግዳ እናስጎበኛለን። እሰየው! የነቀምቴንና የጊምቢን መኪኖች መንገድ ላይ እንዳይቀሩ ያደረገውን አሮጌ መፍቻ ግን ለብረታ ብረት ገዢ በኪሎ እንሸጠዋለን። ቅርስ የባላባት ዕቃ ብቻ ነው ያለው ማነው?

እስኪ ከመሸጣችሁ በፊት የቡሶላውን መፍቻ አንሡ፤ ያን ሲመለስ «ቀጭ ቀጭ» የሚለውን። ቡሶላ የሚሰካበትን ጫፍ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙና እጀታውን አንድ ሙሉ ዙር መልሱት። ድምፁን ቁጠሩ። 24 ከሆነ አንዱን ጥርስ ለመያዝ 15 ዲግሪ ይፈልጋል፤ 72 ከሆነ 5 ዲግሪ ይበቃዋል። እጅ በማይገባበት የሞተር ጥግ ብሎን የሚፈታው ይሄ ሁለተኛው ነው።

ቀጥሎ ጽሑፉን በጨርቅ ጥረጉት። «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ከሆነ፣ ያች አገር የነበረችው እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1990 ነው። ዕድሜውን አወቃችሁ ማለት ነው።

«ቡሶላ» እና «ካቻቢቴ» የሚሉትን የጣሊያንኛ ቃላት ጋራዦቻችን እስከ ዛሬ አቆይተዋል። ቃሉን ያቆየን ሰዎች ዕቃውን ማቆየት እንዴት ያቅተናል? የመካኒኩን ስምና ከተማ በደብተር እንጻፍ፣ ጥርሱን በዘይት እንጠብ። የወለጋ ሙዚየምም አንድ መደርደሪያ ቢለቅለት አይጠበውም።