ከሞቱ አሟሟቱ ካልን፣ አሟሟቱን ማን ይለካዋል?

በአፕ ምግብ ስናዝ ኮከብ እንሰጣለን። ታክሲ ስንጠራ ለሹፌሩ ነጥብ እንሰጣለን። ስልክ ከመግዛታችን በፊት ሦስት አራት ቪዲዮ እናያለን። አንድ አገልግሎት ግን አለ፤ ዋናው ተጠቃሚ አስተያየት ጽፎበት አያውቅም፣ ሊጽፍበትም አይችልም። አገልግሎቱ ሲያልቅ እሱም የለማ! ይህ አገልግሎት ሆስፒስ ይባላል።

ቃሉ አዲስ ለሆነባችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ሆስፒስ የግድ ሕንፃ አይደለም፤ የእንክብካቤ ዓይነት ነው። በሽታው እንደማይድን ከታወቀ በኋላ የታማሚውን ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት የሚያስታግስ፣ ቤተሰቡንም አብሮ የሚደግፍ ሥራ ነው። ዘመናዊ መልኩን የያዘው ሲሲሊ ሳንደርስ የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የሴንት ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ስትከፍት ነው። በእኛ አገር ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 በአንዲት ነርስ ተመሥርቶ አዲስ አበባ ውስጥ ታማሚዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ይረዳል። ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ስለዚህ ሕክምና ብሔራዊ መመሪያ አውጥቷል። እና ነገሩ የፈረንጅ ቅንጦት አይደለም።

ግን እጥረቱ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ገደማ ሰው የማስታገሻ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ የሚያገኘው 14 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ በዓመት ለዓለም ከሚሠራጨው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰል የሕመም መድኃኒት ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡት።

በተግባር ሲታይ ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ «ከዚህ በላይ ማድረግ የምንችለው የለም፣ ቤት ውሰዷቸው» ይላል። ቤተሰቡ ታማሚውን ይዞ ይወጣል። ከዚያ ልጆች ስልካቸውን አውጥተው መፈለግ ይጀምራሉ። ቴሌግራም ላይ «ቤት ለቤት ነርስ»፣ ቲክቶክ ላይ «ሆም ኬር» የሚል ማስታወቂያ ሞልቷል። ነጭ ጋወን፣ ፈገግታ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ ስልክ ቁጥር። ጥሩው ከመጥፎው የሚለየው በምንድነው? አንሶላው እንደማይነግራችሁ እርግጠኛ ነኝ።

ለምን ይከብዳል?

ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ስማር ከማልረሳቸው ጽሑፎች አንዱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ የጻፈው ነው። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ፣ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው ተገቢ ዋጋ አያገኝምና ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀረው መጥፎው ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ዳርቢና ካርኒ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ከዚህ የባሰ ዓይነት ሸቀጥ እንዳለ ጻፉ፤ ከገዛኸውና ከተጠቀምክበት በኋላም ጥራቱን ማወቅ የማትችለው።

ሆስፒስ ከዚህም ይብሳል። አንደኛ፣ አንድ ቤተሰብ የሚገዛው ምናልባት በሕይወቱ አንዴ ነው፤ ከስህተቱ ተምሮ ሁለተኛ የተሻለ አይመርጥም። ሁለተኛ፣ ከፋዩ ሌላ ተጠቃሚው ሌላ ነው። እናት አዲስ አበባ ተኝታ ከፋይዋ ልጅ ዱባይ ወይም ሪያድ ልትሆን ትችላለች። ሦስተኛ፣ ይሉኝታ አለ። ከቀብር በኋላ ማንም ቅሬታ ይዞ አይሄድም። «እግዜር ይስጣቸው፣ ለፍተዋል» ተብሎ ይታለፋል። አባታችን የመጨረሻዎቹን ሦስት ሌሊቶች ሲቃትት ማደሩም አብሮ ይቀበራል።

ገንዘብ ሲገባበት ምን እንደሚሆን ለማየት አሜሪካን ማየት ይበቃል። ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የወጣ ሕግ ይዞ ለሆስፒስ ይከፍላል። በአብዛኛው የሚከፍለው በቀን ሒሳብ ነው፤ ነርሷ በዚያ ቀን መጣችም አልመጣችም ለቀኑ ይከፈላል። ኢኮኖሚክስ ያልተማረም ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ይገምታል፦ ብዙ ቀን የሚቆይ፣ ብዙ ጉብኝት የማይፈልግ ታማሚ አትራፊ ይሆናል። መንግሥት ይህን ለማረም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በመጨረሻዎቹ 7 ቀናት ለሚደረግ የነርስና የሶሻል ወርከር ጉብኝት ተጨማሪ መክፈል ጀመረ። ከዚህም ሌላ ሁለት ነገር ይለካል። ከመጨረሻዎቹ 3 ቀናት ቢያንስ በ2ቱ ነርስ ወይም ሶሻል ወርከር ታማሚውን በአካል አይቶታል ወይ? እና ከሞቱ በኋላ ለአስታማሚው መጠይቅ ይላካል፦ በምሽትና በእረፍት ቀን እርዳታ አገኛችሁ? ለሕመሙ በቂ እርዳታ ተደረገለት? ለሌላ ሰው ትመክሩታላችሁ? ውጤቱ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ወላጁን የሚያስታምም አበሻ ሆስፒስ ከመምረጡ በፊት በስልኩ ሊያየው ይችላል።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። ታማሚው መናገር ባይችልም፣ አስታማሚው ይችላል። ጠያቂ ነው የጠፋው።

ምን እንጠይቅ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋ አይሁን። የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ብደውል ማን ያነሳል? «ጠዋት እንመጣለን» መልስ አይደለም። ሕመም የሥራ ሰዓት የለውም። ቢያንስ ታማሚውን የሚያውቅ ነርስ ስልክ አንስቶ «ይህን መድኃኒት ይህን ያህል ስጡት፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደውዬ አጣራለሁ» ማለት አለበት። ከመፈረማችሁ በፊት በዚያ ሰዓት አንዴ ደውሉና ሞክሩ። ስድብ አይደለም፤ ፍተሻ ነው።

ሁለተኛው ስለ ሞርፊን ነው። ለከባድ የካንሰር ሕመም ፓራሲታሞል ይዞ የሚመጣ ድርጅት ሆስፒስ አይደለም፣ ጠያቂ ነው። ሞርፊን የማዘዝ ፈቃድ ያለው ሐኪም አላችሁ ወይ? መድኃኒቱን ከየት ነው የምታመጡት? በሕመም ጊዜ ብቻ ነው ወይስ በሰዓቱ የምትሰጡት? የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት ያስተማረው በአፍ የሚወሰድ፣ ሰዓት ጠብቆ የሚሰጥ እንዲሆን ነው፤ ሕመሙ ተመልሶ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። አንድ ቀላል ፈተና ደግሞ አለ። ሞርፊን ሲታዘዝ የሆድ ድርቀት መከላከያ አብሮ ታዟል ወይ? ሞርፊን ሆድ እንደሚያደርቅ የሚያውቅ ባለሙያ ይህን አይረሳም። የረሳ ካለ ሥራውን አያውቀውም።

«ሱስ ያስይዛቸዋል» ወይም «ቶሎ ይገድላቸዋል» የሚሉ ዘመዶች ይኖራሉ። ጥሩ ድርጅት ቁጭ አድርጎ ያስረዳቸዋል፦ በሐኪም ክትትል፣ በትክክለኛው መጠን ለሕመም የሚሰጥ ሞርፊን የሚፈራውን ያህል አይደለም። ኡጋንዳ ይህን ፍርሃት አልፋዋለች። ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ሆስፒስ አፍሪካን ካምፓላ ላይ ከመሠረቱ በኋላ ርካሹ ፈሳሽ ሞርፊን በአገሪቱ ተስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች እንዲያዙት ሕጉ ፈቀደ። ሐኪም በሌለበት ገጠር ለውጡን ያመጣው ይህ ነው።

ሦስተኛው፣ አስታማሚውን ያስተምራሉ ወይ? ነርሷ የምትቆየው አንድ ሰዓት ነው። ቀሪውን 23 ሰዓት የሚያስታምመው ቤተሰብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ሴት ልጅ ናት፣ ሥራዋን ወይም ትምህርቷን ያቋረጠች። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ እንዴት እንደሚገላበጥ፣ አፉ ሲደርቅ እንዴት እንደሚረጥብ፣ ምግብ እምቢ ሲል ማስገደድ ለምን እንደማይገባ ካላሳያት ምኑን ረዳት? እሷ ራሷ የምታርፍበትን ሰዓት የሚያስብላት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

አራተኛው፣ ታማሚውን ያናግሩታል ወይስ ስለ እሱ ብቻ ያወራሉ? በእኛ ባህል በሽታውን ከታማሚው መደበቅ እንደ ፍቅር ይቆጠራል። ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የምንለውም እኛው ነን። ደርሶ «ትሞታለህ» ማለት ሙያ አይደለም። ሙያው «ስለ በሽታዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ማንስ አብሮዎት እንዲሰማ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የንስሐ አባቱን፣ ኢማሙን፣ ፓስተሩን ማግኘት የሚፈልግ አለ። ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር መውሰድ የሚፈልግ አለ። ይህን በንቀት የሚያይ ድርጅት ሐኪሙ የቱንም ያህል ቢማር ጥራት የለውም።

አምስተኛው፣ ከቀብር በኋላ ይመለሳሉ? አሜሪካ ውስጥ ሆስፒሱ ቤተሰቡን ከሞቱ በኋላ እስከ አንድ ዓመት እንዲከታተል ሕጉ ያስገድዳል። እዚህ ለቅሶ የሚደርስ አናጣም። ግን ያስታመመችው ልጅ እንቅልፍ እያገኘች መሆኑን የሚጠይቅ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ውጭ ሆናችሁ ብር ለምትልኩ አንድ ነገር ልጨምር። የእናታችሁን የተነጠፈ አልጋ ፎቶ አትጠይቁ። የሕመም መዝገቡን ፎቶ ጠይቁ። ሕመሟ ከ0 እስከ 10 ስንት ነበር፣ መድኃኒቱ በስንት ሰዓት ተሰጠ፣ ከሰዓት በኋላስ ወደ ስንት ወረደ? ይህ በየቀኑ የሚጻፍበት ደብተር ከሌለ የምትከፍሉት ለጉብኝት እንጂ ለሕክምና አይደለም።

«እኛ ገና መድኃኒት አልተሟላልን!»

ይህን መከራከሪያ ደጋግሜ እሰማለሁ። የሚያድን መድኃኒት በሌለበት አገር ስለሚሞት ሰው ጥራት ማውራት ቅንጦት ነው ይባላል። በተቃራኒው ነው። ማዳን ባልተቻለበት ቦታ ማስታገስ ዋናው ሕክምና ይሆናል። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ 151 የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ላይ የታተመ ጥናት፣ የማስታገሻ እንክብካቤን ከመደበኛው ሕክምና ጋር ቀድመው የጀመሩት የተሻለ ኑሮ መኖራቸውን ብቻ ሳይሆን ረዘም ያለ ዕድሜ ማግኘታቸውንም አሳይቷል፤ አማካዩ 11.6 ወር ከ8.9 ወር ጋር ሲነጻጸር ማለት ነው። ተስፋ መቁረጥ አይደለም ማለት ነው።

ሌላው ስጋት ግን ተገቢ ነው። ጥቂት ነርስና አንድ መኪና ይዞ ትልቅ ከተማ የሚያካልልን በጎ አድራጎት ድርጅት ነጥብ እየሰጡ ማሸማቀቅ ግፍ ነው። መለኪያም ራሱ ግብ ሲሆን ይበላሻል፤ ዝቅተኛ የሕመም ቁጥር የሚያስመሰግን ከሆነ ከባድ ታማሚ የሚቀበል ይጠፋል። ስለዚህ መለካቱ ለቅጣት አይሁን። የጎደለውን አይቶ ሰውና መድኃኒት ለመጨመር ይሁን። መጠይቁም አጭር ይሁን፣ ሦስት ጥያቄ በስልክ፣ ከቀብር ሁለት ወር በኋላ።

ማን ይጠይቅ? ጤና ሚኒስቴር መጠየቅ አለበት። እስኪጠይቅ ግን አንድ ተቋም በእጃችን አለ፦ እድር።

አስቡት። ቤተሰብ ሆስፒስ የሚገዛው አንዴ ነው፤ ለዚህ ነው የማይማረው። 200 አባል ያለው እድር ግን ሞት በየጊዜው ያያል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ተደጋጋሚ ገዢ ነው፤ ያስታውሳል፣ ያወዳድራል፣ ዋጋም ይደራደራል። መዝገብ አለው፣ ወርሃዊ መዋጮ አለው፣ የሚታመን ጸሐፊ አለው። እስካሁን ይህን ሁሉ አቅም የምናውለው ለድንኳን፣ ለወንበርና ለንፍሮ፣ ማለትም ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ሕንድ ውስጥ የኬረላ ግዛት ነዋሪዎች በየሰፈሩ ተደራጅተው፣ ትንሽ ትንሽ እያዋጡ፣ በጎ ፈቃደኞችን አሠልጥነው በጠና የታመመ ጎረቤታቸውን ማስታመም ጀመሩ፤ ግዛቲቱም እ.ኤ.አ. በ2008 የራሷን የማስታገሻ ሕክምና ፖሊሲ አወጣች። እኛ መደራጀቱ ቀድሞ አለን። የጎደለው ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ያሉትን ሳምንታት መቁጠር ነው።

የእድር ስብሰባ የአባቶች ጉዳይ ነው ብለን ቤት የምንቀር ወጣቶች ብዙ ነን። በሚቀጥለው ወር ሂዱ። ለሊቀመንበሩ ሁለት ሐሳብ አቅርቡ፦ ባለፈው ዓመት በሕመም ያረፉ አባላት ቤተሰቦች ማን እንደረዳቸውና እንዴት እንደረዳቸው ይጠየቁ፤ መልሱም በመዝገብ ይቀመጥ። አንድ ገጽ አይሞላም። ግን በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ቤተሰብ «ቤት ውሰዷቸው» ሲባል የሚያነበው ከማስታወቂያ የተሻለ ነገር ይኖረዋል።