ስለ አሜሪካ የብር ሳንቲሞች ስብስብና ስለ መጨረሻይቱ ቀዳዳ

በቤቱ አንዳች ነገር መሰብሰብ የሚጀምር ሰው፥ ቴምብርም ቢሆን፥ የጥንት መጽሐፍም ቢሆን፥ ያረጀ ገንዘብም ቢሆን፥ መጀመሪያው ቀላልና ልብን ደስ የሚያሰኝ ሆኖ ያገኘዋል። በየጊዜው አንዳንድ እየጨመረ ሲሄድ ልጆቹ ይከቡታል፤ እንግዳም ሲመጣ የሚያሳየው አያጣም። ዳሩ ግን ስብስቡ ሊፈጸም ጥቂት ሲቀረው ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ቀድሞ ሰውየው ሳንቲሙን ይፈልግ ነበር፤ ኋላ ግን ሳንቲሙ ሰውየውን ይነዳው ይጀምራል። ይህንንም የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ሳይሆን በአሜሪካ አገር በዴንቨር ከተማ በሚኖረው በታላቅ ወንድሜ ቤት የሆነውን አይቼ ነውና፥ ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ይጠቅም እንደ ሆነ እንዲህ ጽፌዋለሁ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት የአገራችን ነው ካላልሁ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወንድሜ ወደዚያ አገር ከሄደ ከሠላሳ ዓመት በላይ ነው። በአንዲት ትንሽ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ ሲሠራ ሳለ፥ አንድ ማታ ሒሳቡን ዘግቶ ዝርዝሩን ሲቆጥር፥ ከባለ አሥር ሳንቲሞቹ አንዲቱ ከእጁ ወድቃ ድምፅዋ ከሌሎቹ የተለየ ሆነበት። ሌሎቹ ሲወድቁ ደረቅ ድምፅ ሲሰጡ እርስዋ እንደ ትንሽ ቃጭል ጠራች። አንሥቶ ጠርዝዋን ቢመለከት በሌሎቹ ላይ የሚታየው ቀይ የመዳብ መስመር የለባትም፤ ዙሪያዋ ፈጽሞ ነጭ ነው። ዓመቷ 1944 ይላል። ከኪሱ ሌላ አሥር ሳንቲም አውጥቶ በሣጥኑ ተካና እርስዋን በመሐረቡ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ገባ።

በማግሥቱ ጠይቆ እንደ ተረዳው፥ በአሜሪካ «ዳይም» የምትባለው የዶላር አሥረኛ እጅ እስከ 1964 ድረስ ከመቶው ዘጠናው እጅ ብር፥ አሥሩ እጅ መዳብ ሆና ትቀረጽ ነበር። ክብደቷ ሁለት ግራም ተኩል ነው። የብር ዋጋ እየተወደደ ስለ ሄደ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1965 በፈረሙት ሕግ ብሩ ከዳይምና ከሩብ ዶላር ፈጽሞ ወጣ፤ በፋንታውም ውስጡ መዳብ፥ ላዩ የመዳብና የኒኬል ቅልቅል የሆነው ተተካ። ሕዝቡም የብሩን ሳንቲም ከዝርዝሩ እየለየ ስለ ሸሸገው፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በገበያ ማግኘት የዕድል ነገር ሆነ።

ወንድሜ ያገኛት ዓይነት ከ1916 እስከ 1945 የተቀረጸችው ናት። መልኳን ያወጣው በጀርመን ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ቀራጭ አዶልፍ ዋይንማን ነው። በፊቷ በኩል ክንፍ ያለው ቆብ የደፋች ሴት ትታያለች። ሴቲቱ የነጻነት አምሳል ናት፤ ክንፉም የአሳብን ነጻነት የሚያመለክት ነው። ሕዝቡ ግን ክንፉን ባየ ጊዜ የሮማውያን አምላክ ሜርኩሪ መስሎት «የሜርኩሪ ዳይም» ብሎ ጠራት፤ ሜርኩሪ ወንድ መሆኑን ያሰበ የለም። ስሙም በስሕተት እንደ ወጣ ጸንቶ ቀረ። ከጀርባዋ በጠፍር የታሰረ የበትር ነዶ ከነመጥረቢያው፥ ከእርሱም ጋራ የወይራ ቅርንጫፍ አለ፤ ነዶው የአንድነትን ኃይል፥ መጥረቢያው ለመከላከል መዘጋጀትን፥ ወይራው ሰላምን ያሳያል። እኔ ይህችን ሳንቲም በአጉሊ መነጽር ባየኋት ጊዜ ከጥፍር በማትበልጥ ብር ላይ ይህን ሁሉ ማስፈሩ በጣም አስደነቀኝ።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ሰማያዊ የካርቶን ማኅደር ገዛ። በካርቶኑ ላይ ሳንቲሟ ልክ የምትገባበት ክብ ቀዳዳ ተበስቶ፥ ከያንዳንዱ ቀዳዳ በታች ዓመቱና የተቀረጸችበት ቤት ምልክት ተጽፏል። እንዲህ ያለው ባለ ቀዳዳ ካርቶን በአሜሪካ የተስፋፋው በ1930ዎቹ ዓመታት፥ ያ ታላቅ የገንዘብና የሥራ ችግር በነበረበት ዘመን ነው። ብዙ ገንዘብ የሌለው ሠራተኛ እንኳ ማታ ማታ ከልጆቹ ጋራ የኪሱን ዝርዝር እያገላበጠ ቀዳዳውን ይሞላ ነበር። ያን ጊዜ ሳንቲሞቹ ገና ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወሩ ነበርና፥ የሚያስፈልገው አሥር አሥር ሳንቲምና ትዕግሥት ብቻ ነበረ።

የዚህች ዳይም ስብስብ ሙሉ የሚባለው 77 ሲሆን ነው። ይኸውም በሦስት ከተሞች፥ በፊላዴልፊያ፥ በዴንቨርና በሳን ፍራንሲስኮ ትቀረጽ ስለ ነበረ ነው። የፊላዴልፊያዋ ምልክት የላትም፤ በዴንቨሯ ላይ «ዲ»፥ በሳን ፍራንሲስኮዋ ላይ «ኤስ» የሚባለው ፊደል በጀርባዋ ከነዶው ግርጌ በስተግራ እጅግ አንሶ ተቀርጿል። በ1922፥ በ1932ና በ1933 ግን ከሦስቱ ቤቶች በአንዱም አልተቀረጸችም። በ1942 ደግሞ የ1941 ቁጥር ከሥሩ የሚታይባት ስሕተተኛ አለች፤ እርስዋን ከ77ቱ ጋራ የሚቆጥሩ አሉ፥ የማይቆጥሩም አሉ። ወንድሜ ካልቆጠሩት ወገን ነው፤ ዋጋዋን ባየሁ ጊዜ ምክንያቱ ገባኝ።

በ1946 የዋይንማን መልክ ቀርቶ ባለፈው ዓመት የሞቱት የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መልክ በዳይም ላይ ተቀረጸ። ይህን የሠራው የፊላዴልፊያ ዋና ቀራጭ ጆን ሲኖክ ነበረ። የእኛ አገር ሰው ይህን ስም ሊያስበው ይገባል፤ በአገራችን 1936 ዓመተ ምሕረት የሚል በተጻፈባቸው ሳንቲሞች ላይ ያለውን የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን መልክ የቀረጸው እርሱ ነውና። ወንድሜም ከአገሩ ሲወጣ እናታችን በእጁ ያስያዙትን አንዱን የብር ሃምሳ ሳንቲም ከማኅደሩ ጋራ ያኖረዋል። ቀዳዳ የለውም፤ በትንሽ ሣጥን ብቻውን ተቀምጧል።

በዐሥር ዓመት ውስጥ 75ቱ ቀዳዳዎች ሞሉ። አብዛኞቹን ያገኛቸው በውስጣቸው ካለው ብር ዋጋ ጥቂት በሚበልጥ ገንዘብ ነው። በጥር 1980 የአንድ አውንስ ብር ዋጋ ወደ 50 ዶላር በተጠጋ ጊዜ እንደነዚህ ያሉት ሳንቲሞች እጅግ ብዙ ሆነው ቀልጠዋል፤ ስለዚህ ዛሬ የቀሩት ሁሉ ከእሳት የተረፉ ናቸው ማለት ይቻላል።

ከቀሩት ከሁለቱ አንዲቱ የ1921 የዴንቨር ስትሆን፥ በዚያ ዓመት የንግዱ ሥራ ስለ ቀዘቀዘ 1,080,000 ብቻ ተቀርጻ ነበር። እርስዋንም ብዙ ቆጥቦ ገዛትና ገና ወደ ማኅደሩ ሳያስገባት በጠረጴዛ ላይ አኖራት። በዚያ ወራት እናታችን ልጃቸውን ለመጠየቅ ሄደው በቤቱ ነበሩ። ጠዋት ተነሥተው ቢያዩ ልጃቸው የሚወደው ብር ጠቁሮ ተቀምጧል። አዘኑለትና እንደ አገራቸው ልማድ በሎሚና በጨው አሽተው፥ በጨርቅ ወልውለው፥ እንደ መስተዋት አብርተው ጠበቁት። ማታ ሲገባ «ና እይ ልጄ፥ እንዲህ ነው ብር» ብለው ሰጡት። ዋጋዋ በዚያች ሰዓት እኩሌታው ሄዷል። ወንድሜም እጃቸውን ስሞ «እጅዎ ይባረክ» አለና ሳንቲሟን በቀዳዳዋ አገባት። እስከ ዛሬ ድረስ ከሁሉ ይልቅ የምታበራ እርስዋ ናት።

ስለዚህ በቤታችሁ ያረጀ የብር ገንዘብ ያላችሁ ሁሉ፥ ከጊዜ ብዛት የመጣውን ጥቁረት አትንኩት፤ እርሱ ለዐዋቂ ዐይን የሳንቲሙ የዕድሜ ምስክር ነው፥ የታሸ ብር ግን ወዲያው ይለያል። ስትይዙት ፊቱን ሳይሆን ጠርዙን ያዙ። በሚታጠፈው ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥም አታኑሩት፤ አንዳንዱ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ቅባት እየተፋ ብሩን ይበላዋል። ርጥበት የሌለበት ደረቅ ስፍራ ይበቃዋል።

አሁን ወደ መጨረሻይቱ ቀዳዳ እንመለስ። ከቀዳዳው በታች «1916 ዲ» የሚል ተጽፏል። በዚያ ዓመት ፊላዴልፊያ ከ22 ሚሊዮን በላይ፥ ሳን ፍራንሲስኮ ከ10 ሚሊዮን በላይ ዳይም ሲቀርጹ፥ የዴንቨሩ ቤት ሥራውን ወደ ሩብ ዶላር ስላዞረ የቀረጸው 264,000 ብቻ ነበረ። ወንድሜ የሚኖረው በዴንቨር ነውና፥ ወደ ሥራው ሲሄድ በኮልፋክስ መንገድ የሚያልፈው ይህች የጎደለችው ሳንቲም በተቀረጸችበት ቤት አጠገብ ነው። «እዚህ ተወልዳ እኔ ዘንድ አትመጣም» እያለ ይቀልድ ነበር፤ ኋላ ግን መቀለዱን ተወ።

ከዕለታት አንድ ቀን የሳንቲም ነጋዴዎች በሚሰበሰቡበት ገበያ አንድ ሰው ይህችኑ ሳንቲም በስድስት መቶ ዶላር አቀረበለት። ሌሎቹ ነጋዴዎች ለዚያ መልክ ከእጥፍ በላይ ይጠይቁ ነበር። ወንድሜ ፊደሉን በመነጽር አየ፥ ልቡ መታ፥ ከፈለ። ገንዘቡ ለልጁ ለኮሌጅ ክፍያ ከተቀመጠው ላይ የተነሣ ነበር፤ ለባለቤቱም አልነገራትም። ያን ሌሊት 77ቱ ቀዳዳዎች ሞልተው አደሩ።

ደስታው ግን ዕረፍት አልሰጠውም። ከወር በኋላ ሳንቲሟን ወደሚመረምሩ ሰዎች ላካት፤ መልሱም ሳንቲሟ የፊላዴልፊያ እንደ ሆነችና ፊደሉ ኋላ የተለጠፈ እንደ ሆነ ነገረው። በዚያ ዘመን ፊደሉ በቅርጹ ብረት ላይ በእጅ ይመታ ስለ ነበር፥ ለዚህች ሳንቲም የዋሉት አራት የጀርባ ቅርጾች በየትኛው ስፍራ ፊደል እንዳላቸው ታውቆ በፎቶግራፍ ተነሥቷል። የወንድሜ ሳንቲም ፊደል ከአራቱ በአንዱም ስፍራ አልነበረም፤ በብርቱ መነጽርም ሲታይ በእግሩ ዙሪያ የማጣበቂያው ቀጭን መስመር ይታይ ነበር። ሻጩን ቢፈልግ አላገኘውም።

እኔም ይህን በነገረኝ ጊዜ «ጋሼ፥ ሳታስመረምር ስለ ምን ገዛህ?» አልሁት። «ወንድሜ፥ ዐይኔ ያየው ሳንቲሙን አልነበረም፥ ቀዳዳውን ነበረ» አለኝ።

ለባለቤቱ የነገራት ከሦስት ወር በኋላ የክፍያው ቀን በደረሰ ጊዜ ነው። እርስዋም አልጮኸችም። ማኅደሩን አምጣ አለችው፤ ሐሰተኛይቱን በጣትዋ ገፍታ ከቀዳዳው አወጣችና «ይህ ባዶ ሆኖ ሲታየኝ እኖራለሁ፤ ይህችን ግን ከእውነተኞቹ ጋራ አላይም» አለች። የጎደለውንም ገንዘብ ከራስዋ ዕቁብ ሞላች። በእኔ አስተያየት ከዚህ ስብስብ ሁሉ የከበረው ነገር ያ ዕቁብ ነው፤ ወንድሜም ይህን አይክድም።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት አለፈ። ወንድሜ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያኖረ፥ በዚህ ጊዜም ባለቤቱ ሒሳቡን እየያዘች፥ አስቀድሞ ተመርምራ የተረጋገጠች አንዲት 1916 ዲ ገዙ። ያረጀች ናት፤ የዙሪያዋ ክፈፍ ተበልቶ ከጽሕፈቱ ጋራ ተቀላቅሏል፥ የሴቲቱም ክንፍ ጥላ ብቻ ሆኗል። መርማሪዎቹ ከ1 እስከ 70 በሚሰጡት ደረጃ 3 ሰጥተዋታል። ፊደሉ ግን በስፍራው ነው፥ በግልጽም ይነበባል።

በመጣችበት ቀን ቤተ ሰቡ ሁሉ በጠረጴዛው ዙሪያ ተሰበሰበና ማኅደሩ ተዘረጋ። ያን ጊዜ ማንም ያላሰበው ነገር ታየ። ሳንቲሟ የተረጋገጠች ስለ ሆነች መርማሪዎቹ በጠንካራ ፕላስቲክ መካከል አሽገው፥ ቁጥሯን ከላይዋ ጽፈው ነው የላኳት፤ ማሸጊያውም የቀዳዳውን ብዙ እጥፍ ያህላል። ማሸጊያው ከተሰበረ ሳንቲሟ በቀዳዳዋ ትገባለች፥ ነገር ግን ምስክርነቷ ይቀራል፤ ሊሸጧት ቢፈልጉም እንደገና መመርመር አለባት። ወንድሜ መዶሻ አንሥቶ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያም ባለቤቱን ተመለከተና መልሶ አስቀመጠው።

ዛሬ እውነተኛይቱ በመሳቢያ ውስጥ ከእናታችን ሃምሳ ሳንቲም አጠገብ ትኖራለች። በማኅደሩ 76ቱ ተደርድረዋል። በሰባ ሰባተኛው ቀዳዳ ልጅቱ በልኩ የቆረጠችውን ክብ ነጭ ወረቀት አኑራ፥ በላዩ «መሳቢያ ውስጥ ናት» ብላ ጽፋበታለች።