ጉድጓድ የጣሉበትን ሁሉ አይፈጭም

ጤናና ኑሮ፦ የሳምንቱ ንባብ



ዛሬ የምናነበው ስለ ሽንት ቤት ነው። ብዙዎቻችሁ ሽንት ቤት ቆፍራችኋል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። አሁን የቀረው አንድ ጥያቄ ነው። በጉድጓዱ ውስጥ ምን ይግባ? ምንስ አይግባ?

«ጉድጓድ ጉድጓድ ነው፤ የማይረባ ነገር ሁሉ ቢጣልበት ምን ይላል?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ስለዚህ አሮጌ ጨርቅ ይጣላል። ፌስታል ይጣላል። የተሰበረ ጠርሙስ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ የሕፃን ዳይፐር ሁሉ ይወረወራል። ከዓይን ስለ ራቀ የጠፋ ይመስላል። ግን አልጠፋም። እዚያው ቁጭ ብሏል።

ጉድጓዱ እንዴት ይሠራል?

የከብት ፍግ የከመረ ሰው ይህን ያውቃል። ክምሩ መጀመሪያ ከፍ ያለ ነው። ከርሞ ሲታይ ግን ዝቅ ብሏል። ማንም አልወሰደበትም፤ በስብሶ ነው የቀነሰው። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ይበሉታል።

በሽንት ቤት ጉድጓድም የሚሆነው ይኸው ነው። ፈሳሹ ቀስ እያለ ወደ አፈር ይሰርጋል። ዓይነ ምድሩ ይበሰብሳል፤ መጠኑም ይቀንሳል። ወረቀትና ቅጠልም አብረው ይበሰብሳሉ። ጉድጓዱ ለብዙ ዓመት የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው።

ፌስታል ግን አይበሰብስም። ጠርሙስ አይበሰብስም። ዳይፐር በውስጡ ላስቲክ ስላለበት አይበሰብስም። ድንጋይም እንደዚሁ። እነዚህ የገቡበትን ቦታ ይዘው ይቀራሉ። ለሌላው ቦታ ያሳጣሉ።

በሒሳብ እንየው

ቁጥር ተምረናል፤ እንሥራበት። አንድ ጉድጓድ ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ተኩል ነው እንበል። ጉድጓድ እስከ አፉ እንዲሞላ አይተውም። ግማሽ ሜትር ሲቀረው አፈር ይለበሳል። ስለዚህ የሚያገለግለን 3 ሜትር ነው።

1 × 1 × 3 = 3 ሜትር ኩብ።

ይህ 3,000 ሊትር ማለት ነው። በበርሜል ቢለካ 15 በርሜል ያህል ነው።

የሙያው ሰዎች ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ የሚጠቀሙበት ግምት አለ። ውሃ በማይቋጥር ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ፣ የሚበሰብስ መጥረጊያ ብቻ ከገባ፣ ለአንድ ሰው በዓመት 60 ሊትር ይያዛል። እንደ ድንጋይ ያለ የማይበሰብስ መጥረጊያ ከገባ ግን 90 ሊትር ይያዛል።

በቤቱ 5 ሰው ቢኖር፦

5 × 60 = 300 ሊትር በዓመት። 3,000 ÷ 300 = 10 ዓመት።

5 × 90 = 450 ሊትር በዓመት። 3,000 ÷ 450 = 6 ዓመት ከ8 ወር።

እንግዲህ በመጥረጊያው ብቻ 3 ዓመት ከ4 ወር ቀረብን ማለት ነው። ዳይፐሩና ፌስታሉ ሲጨመርበትማ ከዚህም ያንሳል። ያን አዲስ ጉድጓድ የሚቆፍረው ማነው? በማን ጉልበት? ሥራ በሚበዛበት ወር ቢሞላስ? ሰው ተመልሶ ሜዳ ሊወጣ አይደለም?

የሞላ ጉድጓድ ሌላም ጣጣ አለው። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ያገኘዋል። ገንፍሎ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ይወርዳል። ውሃውን ልጆች ይጠጡታል። ተቅማጥ፣ ኮሌራ፣ ታይፎይድ፣ የሆድ ትላትል የሚመጡት እንዲህ ነው። ተቅማጥ ደግሞ ሕፃን ልጅ ይገድላል።

በትልቅ ከተማ የደረሰ ነገር

«ይህ የድሃ ገጠር ችግር ነው» እንዳትሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእንግሊዝ አገር ዋና ከተማ ሎንዶን ናት። እዚያ በየቤቱ ጉድጓድ አይቆፈርም። ዓይነ ምድሩ በውሃ ተገፍቶ ከምድር በታች በተዘረጋ ትልቅ ቱቦ ይሄዳል።

በ2010 ዓ.ም. መባቻ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 ማለት ነው፣ ኋይትቻፕል በሚባል ሰፈር ቱቦው ተደፍኖ ተገኘ። የደፈነው ነገር ርዝመቱ 250 ሜትር ነበር። ከሁለት የኳስ ሜዳ ይበልጣል። ክብደቱ 130 ቶን ተገመተ። በእኛ አቆጣጠር 1,300 ኩንታል ነው። እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር። ሠራተኞች ከምድር በታች ገብተው በአካፋና በኃይለኛ የውሃ ግፊት ሰባብረው አወጡት። ሥራው 9 ሳምንት ፈጀ።

ምን ነበር ታዲያ? ከኩሽና የተደፋ ስብና ከሽንት ቤት የተጣለ መጥረጊያ ነበር። ዳይፐርም ነበረበት።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የበግ ሞራ አቅልጣችሁ ታውቃላችሁ። እሳት ላይ ሳለ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ቱቦ ውስጥም ይረጋል። መጥረጊያው ደግሞ በከተማ «ዋይፕስ» የሚሉት እርጥብ ጨርቅ መሳይ ነገር ነው። የሕፃን መቀመጫ ይጠረግበታል። ወረቀት ይመስላል እንጂ ወረቀት አይደለም። ብዙው ውስጡ የላስቲክ ክር አለበት። ውሃ ሲነካው አይበታተንም። አንዱ ከአንዱ ይጠላለፋል፤ የረጋውን ስብ ይይዛል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። እዚያም ክር ከክር አብሮ ያን ሁሉ ፍሳሽ አሰረ።

ከተማ ያሉ ልጆቻችን

አዲስ አበባ ልጅ ያለው አለ። ዐረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ያለችውም አለ። እነሱ የሚጠቀሙት በውሃ የሚለቀቅ ሽንት ቤት ነው። ስለዚህ ይህን ንባብ ለእነሱም ንገሯቸው።

ኮንዶሚኒየም በሚባለው ፎቅ ቤት ውስጥ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ቱቦ ይጠቀማል። ላይኛው ፎቅ ያለ ሰው ጨርቅ ወይም ሞዴስ ቢጥል፣ ጨርቁ ወርዶ ታች ላይ ይደፍናል። ከዚያ በኋላ የሁሉም ፍሳሽ መሄጃ ያጣል። በማን ቤት ይወጣል? ምድር ቤት በሚኖረው ሰው ቤት ይወጣል። የጣለው ሌላ፣ የሚጠርገው ሌላ።

ጉድጓድ ባለበት የከተማ ቤት ደግሞ፣ ሲሞላ የመምጠጫ መኪና ይጠራል። መኪናው ወፍራም ቱቦ ወደ ጉድጓዱ ያስገባና ይስባል። ጨርቅና ፌስታል ካለበት ቱቦው ይታነቃል። ያኔ ሠራተኛው በሜንጦ ጎትቶ ያወጣዋል። አንዳንዴም በእጁ። የተሰበረ ጠርሙስ ካለበት እጁን ይቆርጠዋል። በዚያ ቁስል ምን እንደሚገባ አስቡት። ያ ሠራተኛ የሰው ልጅ ነው፤ የልጆች አባት ነው።

የተጻፈ ሁሉ እውነት ነው?

በአንዳንድ መጥረጊያ ማሸጊያ ላይ «ሽንት ቤት ቢጣል ችግር የለውም» የሚል በውጭ አገር ቋንቋ ተጽፎ ይገኛል። ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ያነበቡትን መመርመር ሌላ ነው። እስቲ እንሞክረው።

ሁለት ብርጭቆ ውሃ አዘጋጁ። በአንዱ ሶፍት ወረቀት፣ በሌላው ያን እርጥብ መጥረጊያ ወይም እራፊ ጨርቅ ክተቱ። ሁለቱንም በእንጨት አማስሉና ጥቂት ቆዩ። ወረቀቱ ይበታተናል። ጨርቁ እንዳለ ይወጣል። የተበታተነው ይሄዳል፤ ያልተበታተነው ይደፍናል።

ታዲያ የት እንጣለው?

በትምህርት ጣቢያችን ይህን ስናወራ አንዲት እናት እንዲህ አሉ፦ «አትጣሉ ማለት ቀላል ነው፤ የት እንጣለው ነው ጥያቄው።» እውነት ብለዋል። መጣያ ቦታ ካላዘጋጀን፣ ምክሩ ሁሉ ከንቱ ነው። ተወያይተን የደረስንበት ይህ ነው።

1. ለደረቅ ቆሻሻ ሌላ ጉድጓድ ይቆፈር። ከቤት፣ ከውሃና ከከብት ራቅ ይበል። ጠርሙስና ፌስታል በዚያ ይጣል፤ አፈር ይልበስ። ፌስታል ቤት አጠገብ አይቃጠል፤ ጢሱ ለሳንባ መጥፎ ነው።

2. ሴቶች በወር አበባ ጊዜ የሚጠቀሙበትን ጨርቅ ወይም ሞዴስ ወደ ጉድጓዱ የሚጥሉት ሰው እንዳያይባቸው ብለው ነው። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ቢሆንም ክብራቸው ይጠበቅ። ክዳን ያለው ዕቃ በሽንት ቤቱ ውስጥ ይቀመጥላቸው። የሚጣለው በኋላ ለብቻው ይቀበር። የሚታጠበው ጨርቅ ደግሞ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ይህን ማወቅ የወንዶችም ድርሻ ነው።

3. የሕፃን ዓይነ ምድር ወደ ሽንት ቤት ይግባ። «የሕፃን ነው፤ ምንም አያደርግም» የሚባለው ልክ አይደለም። እሱም በሽታ ያስተላልፋል። ዳይፐሩ ግን ወደ ሽንት ቤት አይግባ። የሽንት ጨርቅ የታጠበበት ውሃ ወንዝ አይደፋ፤ ሽንት ቤት ይደፋ።

4. የባትሪ ድንጋይ መርዝ አለበት። ወደ እሳትም፣ ወደ ሽንት ቤትም፣ ወደ ውሃም አይጣል። ከልጆች እጅ ይራቅ።

5. ለመጥረጊያ ወረቀት ወይም ቅጠል ይሁን። በውሃ የሚታጠብም ይታጠብ።

6. ከተጠቀሙ በኋላ አመድ ይነስነስበት። ሽታ ይቀንሳል፤ ዝንብም አይበዛም። ጉድጓዱ በክዳን ይከደን። እጅ በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለ በአመድ ይታጠብ።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ቢያደርገው ጥቅሙ ትንሽ ነው። ምንጩ የጋራ ነውና። የላይኛው ቤት ጉድጓድ ከገነፈለ የታችኛው ቤት ልጅ ይታመማል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። ደረቅ ቆሻሻ መጣያውን ጎረቤት ከጎረቤት ተረዳድቶ ቢቆፍር በአንድ ቀን ያልቃል።

አዳዲስ ቃላት

ፍሳሽ፦ ከቤት የሚወጣ የቆሸሸ ውሃና ዓይነ ምድር።
ተሕዋስያን፦ በዓይን የማይታዩ ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች።
ሜትር ኩብ፦ ወርዱ፣ ርዝመቱና ጥልቀቱ አንዳንድ ሜትር የሆነ መጠን፤ 1,000 ሊትር ይይዛል።
መሰረግ፦ ፈሳሽ ቀስ ብሎ ወደ አፈር መግባት።

ለመወያያ

1. በቤታችሁ ሽንት ቤት ውስጥ መግባት የማይገባው ምን ምን ገብቷል?
2. በአንድ ቤት 4 ሰው ቢኖርና የሚበሰብስ መጥረጊያ ብቻ ቢጠቀሙ፣ 3,000 ሊትር የሚይዘው ጉድጓድ ስንት ዓመት ያገለግላቸዋል? ሠርታችሁ አምጡ።
3. በሰፈራችሁ ደረቅ ቆሻሻ መጣያ የት ቢቆፈር ይሻላል? ምንጩ ከየት በኩል ነው? ጎርፉስ ወዴት ይወርዳል?
4. ይህን ንባብ ማንበብ ለማይችል አንድ ጎረቤት አንብቡለት። ምን አለ? ጽፋችሁ አምጡ።

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ!